አባቴ አለ

መጽሐፉን ያገኘሁት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና የስልክ ቻርጀር አብረው ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ ነው። የገባሁት ምስር ልገዛ ነበር። ሒሳብ የሚከፈልበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከማስቲካው ጎን፣ ስስ መጻሕፍት ተከምረዋል። ሽፋናቸው ነጭ ነው፤ ሥዕል የለበትም። ከሥር በትንሽ ፊደል «ልጅነቴ፣ በግጥም» ይላል።

«የማን ነው ጋሼ?» አልኳቸው ባለሱቁን።

«ሎንግ ቢች የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ናቸው የጻፉት። ልጃቸው ናት አምጥታ የከመረችብኝ። ግጥም ማን ይገዛል ብያታለሁ። እዚህ አገር ሰው የፓርኪንግ ምልክት አንብቦ አንብቦ ዓይኑ ደክሟል።»

«እርስዎስ አንብበውታል?»

«ደንበኛ ሲጠፋ አነባለሁ። ስለዚህ ልጨርሰው ምንም አልቀረኝ።»

አንዱን አንስቼ ከምስሩ ጋር አስቀመጥኩት። «እያነበብሽ ምስሩን እንዳታሳርሪ» አሉኝና ሁለቱንም አንድ ፌስታል ውስጥ ከተቱልኝ።

ሥራዬ ዜና ነው። ዕድሜዬን ከሞላ ጎደል የጨረስኩት ሰው የተናገረውን ተናገረ፣ ያልተናገረውን አልተናገረም በማለት ነው። አሁን የምሠራው በኢንተርኔት ለሚተላለፍ የአማርኛ ፕሮግራም ስለሆነ ካልቨር ሲቲ ካለው አፓርታማዬ ብዙም አልወጣም። ቃለ መጠይቁን በስልክ አደርጋለሁ። ድምፄን የምቀዳው የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ ነው፤ የተሰቀሉት ካፖርቶች ማሚቶውን ይውጡታል። ልጄ ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ እኔ ቤት አማርኛ የሚሰማው ያ ማይክሮፎን ሲበራ ብቻ ነው። ልጄ ይደውላል፣ ደኅና ልጅ ነው፤ ግን እየነዳ ስለሚደውል ወሬያችን እሱ ቤቱ ሲደርስ ያልቃል።

የሰው የልጅነት ትዝታ አላምንም። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲናገር አይዋሽም፤ ነገር ግን ያየውን፣ የተነገረውንና በኋላ የተመኘውን ለይቶ ማስቀመጥ አይችልም። በግጥም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቤት ልምታ ሲል እውነቱን የሚመታ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። ስለዚህ መጽሐፉን የከፈትኩት ምሳዬን እየበላሁ፣ እርሳስ ይዤ፣ ስህተት ልለቅም ነበር።

ሁለተኛው ገጽ ላይ እርሳሱን አስቀመጥኩት።

ነገሩ ደሴ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሟና እናቷ ከጦሳ ተራራ ሥር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ታሪኩ የሚነገረው በሦስት በሦስት መስመር ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ቤት ይመታሉ፣ ሦስተኛው ብቻውን ይቆማል። ሦስተኛው መስመር ሁልጊዜ የሚያበቃው በአንድ ቃል ነው።

ከስኳሩ ጣሳ ጣቴን አጥቅሼ፣
እናቴ ስትመጣ ከንፈሬን ልሼ፣
ሌባ የለም እዚህ፣ አባቴ አለ።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ልጅቷ ስኳር ሰርቃ ከንፈሯን እየላሰች፣ አባትየው ዓይቶ እንዳላየ «ሌባ የለም እዚህ» ብሎ ሲሸፍናት ታየኝ። እንዲህ ያለ አባት አውቃለሁ፤ የእኔ ግን አልነበረም። ቀጠልኩ።

ከጦሳ ላይ ወርዶ ጉም ቢሸፍነን፣
እንጨቱ ረጥቦ ጭሱ ቢያፍነን፣
ብርድ አይገባም እዚህ፣ አባቴ አለ።

ምሳዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፉን በልክ በልክ ማንበብ ጀመርኩ፣ ቶሎ እንዳያልቅብኝ። ሥራዬን ስጨርስ፣ ከቁም ሣጥኑ ስወጣ፣ ሻይ አፍልቼ ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ። የልጅቷ ነገር ሁሉ ደስ ይላል። ጫማ የወንድሟን ተራ ጠብቃ ታደርጋለች። ጠመኔ አጥታ በከሰል ትጽፋለች። የጎረቤት ዶሮ የእነሱ ቤት እንቁላል ስለጣለች ዶሮዋን በምስጢር ታመሰግናለች። ግን እኔ የምጠብቀው ያን አባት ነበር። ችግር በመጣ ቁጥር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ብቅ ብሎ አንድ ነገር ይላል። ረጅም ንግግር የለውም። ምክር አያበዛም። ገጣሚዋ «አሉ» ሳይሆን «አለ» ማለቷንም ወደድኩት፤ አንቱ የማይባል፣ የሚቀርቡት አባት መሰለኝ።

ጅቡ ከገደሉ ሌሊት ቢጮህም፣
መዝጊያው ላልቶ ቢሆን፣ ቁልፉም ባይኖርም፣
የሚነካን የለም፣ አባቴ አለ።

እየቆየ ድምፁን መስማት ጀመርኩ። በሙያዬ የብዙ ሰው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ የእሱም ከእነሱ መሃል ቦታ ያዘ። ዕቃ ሳጥብ፣ መኪናዬን ለመንገድ ጽዳት ቀን ወደ ወዲያኛው ዳር ሳዛውር፣ አንድ የማላውቀው የደሴ ሰው አጠገቤ ሆኖ «የሚነካን የለም» ይለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የምናገረውም ሰው አልነበረም።

መጽሐፉ ሲያልቅ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ። አንዲት ልጅ የአባቷን ይህን ሁሉ ቃል እንዴት ያዘችው? እውነት ከሆነ፣ በፕሮግራሜ ላቀርባቸው እፈልጋለሁ። ያልሆነ ከሆነ ደግሞ ማወቅ አለብኝ። ከጀርባው በተጻፈው ስልክ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። ነርስ ናት። «ኦ ማይ፣ ሰው አነበበው?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሎንግ ቢች ሄድኩ። ልጃቸው የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች።

«ፓርኪንግ አገኘሽ እትዬ? ኦኬ። ሶ፣ እናቴ ዓይኗ አያይም፤ ስትገቢ ድምፅ አሰሚ። ዝም ብሎ የሚገባ ሰው አትወድም።»

ሴትዮዋ ወደብ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ውጭ ትልልቆቹ የዕቃ ማውረጃ ክሬኖች ቆመዋል፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው የሚጠብቁት። ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አስቀርበውልኛል።

«ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። ዜና የምታነቢው ነሽ አሉ። እኔ ዜና መስማት ትቻለሁ፤ የሚሞተው ሰው በዛ።»

ታሪኩን ነገሩኝ። ዓይናቸው ደኅና ሳለ ግጥሙን በእጃቸው ጽፈው ለዘመድ ላኩ። ዘመድ አዲስ አበባ አስተይቦ፣ አሳትሞ፣ በሰው ሻንጣ ላከ። መጽሐፉ እስኪደርስ ዓይናቸው ሄደ።

«ምን ብለው እንዳተሙት አላውቅም። እንደ ዕውር ሙሽራ ሽፋኑን ነው የምዳብሰው። ይቺ ልጄ ደግሞ አማርኛ አታነብም።»

«እማ፣ ሀ ሁ እኮ እችላለሁ» አለች ልጅቷ ከኩሽና።

«ሀ ሁ ትችላለች። ከዚያ ወዲያ ኬላ አለ፣ አያሳልፏትም።»

ጥያቄዬን አቀረብኩ። «እትዬ፣ አባትዎ የተናገሩትን ይህን ሁሉ እንዴት ያዙት? ጽፈውት ነበር ወይስ ቤተሰቡ ሲደጋግመው?»

«የተናገረውን?»

«አዎ፣ ግጥሙ ውስጥ ያሉትን።»

«አንብቢልኝ እስቲ» አሉ። «መጽሐፌ ነው፣ አልሰማሁትም።»

ስኳሩን ከፈትኩ። የዜና ማንበቢያ ድምፄን ትቼ፣ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። ጣቴን አጥቅሼ የሚለው ጋ ፈገግ አሉ። «ሌባ የለም እዚህ፣ አባቴ አለ» ስል ከንፈራቸው ቆመ።

«ምን?»

«አባቴ አለ።»

«ማን ነው ያለ?»

«አባትዎ።»

«ምን አለ?»

«ሌባ የለም እዚህ አለ።»

ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የመጣው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ልጅቷ ፎጣ ይዛ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ምን ሆነሽ እማ?»

«አባቴን አስወራችው፣ ወላሂ። ቃል ያልወጣውን ሰውዬ።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «አጥብቂው እንጂ ልጄ። ‹ለ›ን አጥብቂው።»

አጠበቅሁት። አለ። እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እናቴ ስትመጣ ከንፈሬን ልሼ፣ ሌባ የለም እዚህ፣ አባቴ አለ። ሰውዬው ምንም አልተናገረም። ቤት ውስጥ አለ ነው የሚለው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን ለይቶ አይጽፍም፤ ይህን ማንም አማርኛ ያነበበ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ለእኔ «አለ» ማለት ሰው ተናገረ ማለት ነው። ስንት ዓመት የጻፍኩት ቃል ስለሆነ ሌላ መልክ እንዳለው እጄም ጆሮዬም ረስተውታል።

«ታዲያ አባትዎ» አልኩ።

«እኔ ጡት ሳልጥል በጭነት መኪና አሰብ ሄደ። በዚያው ቀረ።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ሞተም አልተባለም፣ ሌላ ቤት ሠራም አልተባለም። እናቴ ምንም አትልም። በዚያ ዘመን ወንድ የሌለበት ቤት በሩ ቶሎ ቶሎ ይንኳኳል። ስለዚህ ካፖርቱን በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሰው መጥቶ አባወራው አለ ወይ ቢላችሁ፣ አለ በሉ፣ ተኝቷል በሉ አለችን። አለ። አንደኛ ክፍል ሳልገባ የተማርኩት ቃል ነው።»

«ጎረቤቱ አያውቅም ነበር?»

«ጎረቤቱማ ያውቃል። እያወቀ ይጠይቃል፣ እኛም እያወቅን አለ እንላለን። ጨዋታ ነው በዪው።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ግጥሙ ይኸው ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ብርድ በመጣ ቁጥር፣ ራብ በመጣ ቁጥር፣ አለ። የሌለውን።»

ቤቴ ስመለስ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አንስቼ አጥብቄ አነበብኩት። እያንዳንዱን ሦስተኛ መስመር መረመርኩ። አንድም ቦታ አልተናገረም። ብርድ አይገባም ያለችው ልጅቷ ራሷ ናት፣ እየበረዳት። የሚነካን የለም ያለችው እሷ ናት፣ ጅቡን እየሰማች። መጽሐፉ እኔ ካነበብኩት ይበልጣል፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ጨርሼ ስነሳ ቤቱ ከወትሮው የበለጠ ጭር አለብኝ። አንድ ሰው ሞቶብኝ ለቅሶ የማልቀመጥለት ዓይነት ነገር ነበር። ሰውዬውን አላውቀውም፣ ተናግሮም አያውቅም፣ ሆኖም ለሳምንታት አብሮኝ ሰንብቷል።

አንድን ነገር ከሁለት ምንጭ ሳላጣራ አልተውም። ፌርፋክስ ሄጄ ባለሱቁን አንዱን ገጽ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አላልተው ነው ያነበቡት።

«ጥሩ አባት ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ወሬ ያበዛል እንጂ።»

ይህን በቀጣዩ ቅዳሜ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። እጃቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው ሽፋኑን ወዲያና ወዲህ ዳበሱት።

«እሳቸውም እንዳንቺ?»

«እሳቸውም።»

«እንግዲያው ስንቱ ነው እንዲህ የሚያነበው? አንድ ነገር ነው የጻፍኩት በዕድሜዬ። እሱም አባት ነበራት የሚል መጽሐፍ ሆኖ ሊቀር ነው።» ወደ ኩሽናው በአገጫቸው አመለከቱ። «ልጄም የሆነ ቀን ሰው ያነብላታል፣ እንደዚያው አድርጎ። ቅድመ አያታችሁ እንዲህ ይል ነበር ብላ ለልጆቿ ትነግራለች።»

ወረቀቱን ማስተካከል አይቻልም፤ ወረቀቱ አልተሳሳተም። ድምፅ ግን ይችላል። መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኔ ላንብበው፣ እሳቸው እያረሙኝ ልቅዳው፣ ልጃቸውም ስልኳ ላይ ታስቀምጠው አልኩ። «ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆነ ጥቂት ሳምንት» አልኩ።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜዬ ሎንግ ቢች ሆነ። በ405 አውራ ጎዳና እወርዳለሁ፣ መኪናዬን ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፊት ፓርክ አደርጋለሁ፣ ማይክሮፎኔን በሁለት ትራስ መሃል አቆማለሁ። ፍሪጁ ስለሚያጉረመርም ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ።

«ወተቴን ልታበላሺው ነው?» አሉ የመጀመሪያ ቀን።

«የመኪናዬን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጣለሁ እትዬ። ቁልፌን ሳልይዝ መሄድ ስለማልችል ሳልሰካው አልሄድም።»

«ዜና አንባቢ እንዲህ ነው የሚኖረው?» ብለው ለልጃቸው ነገሯት። ልጅቷም ሺፍት ልትገባ ስትወጣ «ቁልፍሽ እርጎ ላይ ነው» ትለኛለች።

ንባቡ አዝጋሚ ነበር። «አለ» ጋ ስንደርስ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ካጠበቅሁት ያወርዱታል። ልማዴ ወስዶኝ ካላላሁት ጣታቸው እዚያው አየር ላይ ይቆያል፣ እኔም እደግመዋለሁ። በየመሃሉ ጨዋታ አለ። ዶሮዋ የማን እንደነበረች፣ ወንድማቸው ጫማውን እንዴት አድርጎ እንደጨረሰው። ወንድማቸው አሁን የለም። ያን ቤት የሚያስታውስ ከእሳቸው በቀር የቀረ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ልጃቸው ሥራ ስትውል ብቻቸውን ናቸው፤ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን በግድግዳ ይሰማሉ፣ ቋንቋውን ግን አይከታተሉትም። ቀረጻው ካለቀ መጽሐፋቸውን ባሰኛቸው ሰዓት ይሰማሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ሐሳቡም የእኔ ነው። የሚቀረው ገጽ ሲሳሳ ግን በጣቴ ውፍረቱን እለካው ነበር። ቀስ ብዬ ላነብ እችል ነበር። ስህተት ልፈጥርም እችል ነበር። ሥራ ሥራ ነውና በተለመደው ፍጥነቴ አነበብኩ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ከፈትኩ።

ከደጅ ቆሞ ማነው ቤት ያለ ቢለን፣
እናቴ ገበያ ወጥታ ስትቆይብን፣
ብቻችን አይደለን፣ አባቴ አለ።

አጥብቄ አነበብኩት። ጣታቸው ወረደ። ለድምፁ ማጽጃ እንዲሆነኝ የክፍሉን ዝምታ ትንሽ ቀድቼ መሣሪያውን አጠፋሁ፣ ፍሪጁን ሰካሁ፣ ቁልፌን ኪሴ ከተትኩ። ገመዱን እጄ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ እትዬ። ድምፁን አጽድቼ ሰኞ ለልጅዎ እልክላታለሁ።»

«ጠፍቷል መሣሪያው?»

«ጠፍቷል።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። አሁን ደግሞ አንቺ ስታነቢው እንደነበረው አንብቢልኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። «እንዴት እንደነበረው?»

«አላልተሽ። አባቴ እንደሚያወራው።»

ገመዱን እጄ ላይ እንደጠቀለልኩት ቆምኩ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ስህተት ነው። እርሳቸው አላሉትም።»

«አላለም። እንዳላለ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ ሰምተሽዋል አይደል? ስንት ሳምንት ሙሉ ሲያወራሽ ሰንብቷል። የሱቁም ሰውዬ ሰምተውታል፣ ወሬ ያበዛል እስኪሉት። እኔ ልጁ ነኝ፣ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ለመጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፉን በትክክል ቀድተሽልኛል፣ አላህ ይስጥሽ። ይሄ ለእኔ ነው።»

በእኔ ሥራ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ሰው ያላለውን አለ ማለት። በስህተት ያደረገ ይታረማል፣ እያወቀ ያደረገ ከሥራው ይወጣል። ምንም ሳላለሳልስ ይህን ለወጣቶች ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ እኔ አቅንተው ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸው የሚያርፈው ከጆሮዬ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኩት።

ከስኳሩ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ አላላሁት። ጣታቸው በልማድ ሊነሳ ሲል በሌላው እጃቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም። ጉሙ ወረደ፣ ጭሱ ገባ፣ ብርድ አይገባም እዚህ አለ አባትየው። ጅቡ ጮኸ፣ የሚነካን የለም አለ። ራቡ መጣ፣ በሩ ተንኳኳ፣ እሱ ከሁሉም መሃል ተናገረ። የወደብ መኪኖች ድምፅ በመስኮቱ ይገባል፤ ማይክሮፎን ስላልነበረ አላስቆመኝም። እንዳልቸኩል እየተጠነቀቅሁ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ብቻችን አይደለን፣ አለ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። አላለቀሱም። እንግዳ ሸኝቶ እንደተመለሰ ሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ድምፁ እንዴት ነበር?» አሉ።

«የእኔ ነው እትዬ፣ እኔው ነኝ ያነበብኩት።»

«አሁን አይደለም። ያኔ ቤትሽ ሆነሽ ስትሰሚው።»

መልስ ነበረኝ፤ ይህ ነው የገረመኝ። «ዝግ ያለ ነው» አልኩ። «ከፍ አድርጎ አይናገርም። ትንሽ ሻከር ይላል፣ ጠዋት እንደተነሳ ሰው። ሲናገር ወደ ሰው አያይም፣ እጁ ላይ የያዘውን ነገር ነው የሚያየው።»

«የደሴ ሰው ነው ንግግሩ?»

«የደሴ ሰው ነው የመሰለኝ።»

«አይደለም። የራያ ሰው ነው። እናቴ ይህችን ብቻ ነግራኛለች።»

አዲስ መረጃ ነበር። አሰብኩበት። «እንግዲያው ቃሉን ትንሽ ይጎትተዋል» አልኩ።

«ይጎትተዋል» አሉ ሴትዮዋ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይጎትተዋል፣ አዎ። ሌላስ?»

የራያ ሰዎችን ንግግር ከሥራዬ አውቀው ነበር። ያን አስታወስኩ። ከዚያ በኋላ የነገርኳቸው በሙሉ ማስረጃ የለውም። ሲስቅ እንዴት እንደሚስቅ፣ ወንድማቸውን ሲጠራ እንዴት እንደሚጠራ፣ እሳቸውን በምን ስም እንደሚያቆላምጥ፤ እያንዳንዱን ጠየቁኝ፣ እያንዳንዱን መለስኩ። አንዳንዱን «እንዲያ አይመስለኝም» ብለው ጣሉት፣ እኔም ሌላ አመጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የምመጣበት ሥራ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አላነሳነውም። ልጃቸው ከሺፍት እስክትመለስ ድረስ ነገርኳቸው።